የተዋጠ ሳል

ሰው ድምፄን እንጂ መልኬን አያውቀውም። ሥራዬ በሬዲዮ ዜና ማንበብ ነው። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ዜናው ቁጥር ብቻ ሆኖ ስለከረመ፣ እኔም በየሰዉ ቤት የምገባው ቁጥር ተሸክሜ ነው። ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፣ በዚህን ያህሉ ላይ በሽታው ተገኘ፣ ይህን ያህሉ አረፈ እላለሁ፤ ከዚያ ውሃዬን ተጎንጭቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ቁጥሩን ማን እንደሚያወጣው ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዳቦ የሚበላ ሁሉ መች ወፍጮ ቤት ይሄዳል!

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን ሆስፒታል ሄድኩ። የእንቅርት መድኃኒት ስለምወስድ፣ መጠኑ ትክክል መሆኑ እንዲታወቅ በየጊዜው ደሜን እሰጣለሁ። የላብራቶሪው መስኮት ጋ ስደርስ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ወጣት ቀና እንኳ ሳይል፣ “ከድንገተኛ በስተቀር መደበኛ ምርመራ ቆሟል፤ ወረርሽኙ ይለፍና ይመለሱ” አለኝ።

“መቼ ነው የሚያልፈው?” ብዬ ስጠይቀው፣

“እሱን እንግዲህ ከሬዲዮ ይስሙ” አለኝ።

ብስጭት ብዬ ወጣሁ። ከሕንፃው ጀርባ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ጥላ ያረፈበት የሲሚንቶ አግዳሚ አገኘሁ። ጫፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፤ ቀበቷቸው ወገባቸውን ዞሮ የተረፈው ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ዓይናቸውን ፎቁ ላይ ካለ አንድ መስኮት አልነቀሉም።

“አባቴ፣ እዚህ ብቀመጥ ይፈቅዱልኛል?” አልኳቸው ከማስኬ ሥር።

ሽማግሌው ፊታቸውን ሳያዞሩ ጆሯቸውን አቀኑ። “ይችን ድምፅ አውቃታለሁ። እስቲ ድገሚው።”

“ብቀመጥ ይፈቅዱልኛል ወይ ነው ያልኩት።”

“ባለ ቁጥሯ! አንቺ እኮ ባለ ቁጥሯ ነሽ!” ብለው ብድግ አሉ። “በየምሽቱ ቤቴ እየገባሽ የምታስደነግጪኝ ሴትዮ!”

“አነበብኩት እንጂ አላመጣሁትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። ልጄን ግን መልሺልኝ።”

“ልጅዎ ታመመችብዎ እንዴ?”

“ምን ትታመማለች! እዚያ ውስጥ ናት። ሥራዋ ላብራቶሪ ነው። አንቺ የምታነቢውን ቁጥር የምትፈለፍለው እሷ ናት።”

ወሬ ወሬን አነሳና ታሪካቸውን ነገሩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እርጋታቸው የሚያናድደው ተሳፋሪ “አባ ቀስታ” የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ይዘውታል። ሚስታቸው ልጅቷ ጡት ሳትጥል ስለሞቱ፣ ያሳደጓት ከመሪው አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው። ማንበብ የለመደችው በመንገድ ላይ የሱቅ ታፔላ እየቆጠረች ነበር። ወረርሽኙ ሲገባ የላብራቶሪ ሠራተኞቹ በሽታውን ወደየቤታቸው እንዳይወስዱ ተብሎ በነርሶች ትምህርት ቤት ማደሪያ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ልጅቷም ሻንጣዋን ይዛ ከወጣች ወራት አለፉ።

“ለአንተ ብዬ ነው አለችኝ” አሉ አባ ቀስታ። “መለየት ፍቅር ከሆነ ጠላት ምን ያደርጋል?”

“በስልክ አትገናኙም?”

“በስልክ ጉንጭ ይሳማል? ማታ ማታ ሁለት ሳህን አወጣና አንዱን እመልሰዋለሁ። የክፍሏን በር ከፍቼ አልጋዋን አይና እዘጋዋለሁ። ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺም የምትናገሪው ይህንኑ ነው።”

አንጀቴን በሉኝ። እሳቸው ግን ማዘኔን ሲያዩ ቆጣ አሉ።

“ዛሬ ይዣት ነው የምገባው። ሥራውን ትተወው። ያሳደግኳት የሰው አፍንጫ ፈሳሽ ስትጠብቅ እንድታረጅ ነው? ለእሱ ሌላ ሰው ጠፋ?”

የተማረ ሰው ክፉ ልማዱ ዝም ማለት አለመቻሉ ነው፤ ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት እያወቅኩ አፌን ከፈትኩ።

“አባ ቀስታ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ መንገድ መሃል ላይ፣ ሹፌሩ ቤቴ ናፈቀኝ ብሎ ቢወርድ ምን ይሉታል?”

“እብድ ነው እላለሁ። ግን ሹፌርም እኮ ማታ ቤቱ ይገባል። የእሷ አውቶቡስ ፌርማታ የለውም!”

ንግግር ሙያዬ ነው እያልኩ የምኩራራው ሴት በአንድ ፌርማታ አፌን ተያዝኩ። እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ቁጥር ሳነብ፣ ከቁጥሩ ጀርባ ፌርማታ የሌለው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቢሆንም መሸነፍ ስለማልወድ ሌላ ነገር ልናገር ስል፣ የሽማግሌው ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ቶሎ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ ደረታቸው ወደ ላይ ተነሳ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የአንገታቸው ጅማት ተገተረና ቀስ እያለ ተመለሰ።

ሳል እየዋጡ ነበር።

እኔ ደግሞ፣ ሰውን ስለ ጥንቃቄ ስመክር የምውል ሴት፣ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፤ ከእሳቸው ስሸሽ ከአግዳሚው ጫፍ ልወድቅ ጥቂት ቀረኝ።

“አትሽሺ” አሉኝ ትንፋሻቸው ሲመለስ። “ያንቺ በሽታ አይደለም። የእኔ ሳል ከወረርሽኙ በፊት የነበረ፣ ነባር ነው። ሌላ ሰፈር በተተከለ የወረርሽኙ መመርመሪያ ድንኳን ውስጥ አፍንጫዬን ጎርጉረው አይተው፣ ነጻ ነህ ብለውኛል።”

“ከወረርሽኙ ነጻ ነዎት ማለታቸው ነው እንጂ ሳሉንማ አላዩትም! አክታዎን አልተመረመሩም?”

አባ ቀስታ አፈሩ። መሬት መሬት እያዩ፣ “ተመርምሬ ነበር፤ ያኔ ገና ሰላም ሳለ” አሉ። “ጤና ጣቢያው ትንሽ ዕቃ ሰጠኝና አክታ አምጣ አለኝ። ኮሪደሩ ሙሉ ሴት ነው፤ እናቶች፣ ነፍሰ ጡሮች። እኔን የሚያህል ሽማግሌ እነሱ መሃል ቆሞ እንዴት አክ ይላል? ነውር ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩና በጨዋ ደንብ ምራቄን ጠብ አደረግኩበት።”

“ምራቅ!”

“ምራቅ። ምንም የለም አሉ። ደግመህ አምጣ ብለውኝ ብመለስ የጤና ጣቢያው መስኮት ተዘግቷል፤ ወረርሽኙ ይለፍ ተባልኩ። ከዚያማ ማሳል ራሱ ወንጀል ሆነ። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ባስለኝ፣ ስንት ዓመት የነዳሁበት መስመር ላይ፣ ሰው ሁሉ ሌባ እንዳየ ጮኸብኝ። ያኔ ነው መዋጥ የተማርኩት። ከረሜላ ሻጩ በእኔ ገንዘብ ቤት ሊሠራ ነው!”

“ልጅዎ ይህን ታውቃለች?”

እጄን ሊይዙ ቃጣቸውና ተዉት። “እባክሽ እንዳትነግሪያት። አባቷ እንደሚያስል ካወቀች ጨርሶ ቤት አትመጣም። አንድ ቀን፣ አንዲት ሌሊት ብቻ ቤቷ ብታድርልኝ ነው የምፈልገው። በስልክም ሳሉ ሲመጣብኝ፣ ሰው መጣ ብዬ እዘጋባታለሁ።”

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው በአገሩ ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም የምንተርተው ግን ለጎረቤት ነው። የእኚህ ሰው ደግሞ ከሁሉ የባሰው፣ በሽታቸውን የደበቁት በሽታ ፈልጎ ማግኘት ሥራዋ ከሆነ ልጅ ነው፤ የደበቁትም ስለሚወዷት ነው።

በዚህ መካከል ፎቁ ላይ ያለው መስኮት ተከፈተ። ሠራተኞቹ ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ነው። አንዲት ልጅ ብቅ አለች፤ ማስኩ አፍንጫዋና ጉንጮቿ ላይ ሰንበር አውጥቶባታል፤ ፀጉሯ ላብ ጠጥቶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

“አባዬ!”

አባ ቀስታ ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ፤ ወገባቸውን አቀኑ። አብሬያቸው የተቀመጥኩት ሽማግሌ ሄደው ሌላ ሰው የቆመ መሰለኝ።

“በላህ?”

“በላሁ።”

“እውነትህን ነው? ከስተሃል።”

“ከላይ ሆነሽ ስለምታይኝ ነው። በይ ሻንጣሽን ይዘሽ ውረጂ፤ እንሂድ።”

“አባዬ፣ ደግሞ ጀመርክ?”

“አልጀመርኩም፤ ጨረስኩ። ይበቃል። ልጅ ወልጄ በመስኮት አላሳድግም!”

ልጅቷ ሳቅ አለች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ሟሸሸ። ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ወደ ታች አየቻቸው።

“እኔስ የማልናፍቅህ ይመስልሃል? ጓደኞቼ ወላጆቻቸው ሲመጡ ቆመው ያወራሉ፤ አንተ ግን ገና ሳልጠግብህ ትሄዳለህ። ስልክም ስደውልልህ ሰው መጣ ብለህ ትዘጋብኛለህ። ማን ነው ሁልጊዜ የሚመጣው? ተቀይሞኛል እያልኩ አለቅሳለሁ። አባዬ፣ ምን አድርጌህ ነው?”

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱና ከደኑ። የሚመልሱት አጥተው አይደለም፤ ሳሉ ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ ነበር። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ፤ ከረሜላው አልቋል። ፊታቸውን አዙረው በእርጋታ የሚሄዱ መስለው ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመዱ።

“ይኸው! ደግሞ ሄደ!” አለች ልጅቷ፤ ድምጿ ተሰበረ።

ያን ጊዜ ነው የተዋጠው ሁሉ የወጣው። ጄኔሬተሩን ተደገፉና ሳሉ፣ ደግመው ሳሉ፣ ጉልበታቸው እስኪታጠፍ ድረስ ሳሉ። ዞር ብዬ መስኮቱን ባይ ልጅቷ አልጮኸችም፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለች ሳሉ ጋብ ሲል።

“ብርድ ነው።”

“ሌሊት ያልብሃል?”

“ሙቀት ነው።”

“ብርድ ነው ወይስ ሙቀት? አንዱን ምረጥ እንጂ አባዬ!”

አባ ቀስታ ወደ እኔ አዩ፤ እንድዋሽላቸው የፈለጉ ይመስለኛል። እኔ ግን የሆዴን በሆዴ መያዝ አቃተኝና፣ “እህቴ፣ ሳሉ ከወረርሽኙ በፊት የጀመረ ነው። አክታ ስጡ ሲባሉ ሰው አፍረው የሰጡት ምራቅ ነው። ሲመለሱ መስኮቱ ተዘግቶ ጠበቃቸው” አልኳት።

“አሳባቂ!” አሉኝ ሽማግሌው። እኔም ተቀበልኩት።

ልጅቷ ከመስኮቱ ይበልጥ ወደ ውጭ ጎነበሰች። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር።

“አባዬ፣ ወረርሽኙ ሲገባ አክታ የምናይበትን ማሽን ለእሱ ሥራ ወሰዱት። እጃችንም ጓንታችንም ሰዓታችንም ለእሱ ሆነ። የአክታ መቀበያዋ መስኮት ተዘጋች፤ በኋላ አልፎ አልፎ ስትከፈትም የሚመጣ ጠፋ። እኔ ሞኟ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ተመስገን፣ የሳንባ በሽተኛ ቀነሰ አልኩ። ቆይቼ ሳስበው በሽተኛው መች ቀነሰ! የቀነሰው የሚመጣው ነው። ሰውዬው ቤቱ ተቀምጦ ያስላል፤ አጠገቡ ልጅ ተኝቷል። አለቃችንን ለምኜ ዕቃ ቤት የተጣለ ማይክሮስኮፕ አስወጣሁና፣ በምሳ ሰዓቴ የሚመጣውን ጥቂት አክታ ማየት ጀመርኩ። የሰው አባት ይሆናል ብዬ ነው፤ የእኔ አባት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።”

“ያኛው ድንኳን ነጻ ነህ ብሎኛል እኮ” አሉ አባ ቀስታ፤ ክርክራቸው ግን ጉልበት አልነበረውም።

“ነጻ ያለህ ከአንዱ ነው። አንድ ክፍል ከፍቶ ሌባ የለም ያለ ሰው ቤቱን ሁሉ አየ ማለት ነው?”

“እሺ ተመረመርኩ እንበል። ተገኘብኝ እንበል። ከዚያ ጨርሶ አትመጪም። እሱን ነው የፈራሁት። ሳሉንማ ለምጄዋለሁ።”

“ካልተመረመርክ እመጣለሁ” አለች። “አንተ ግን አትኖርም። ለልቅሶ እንድመጣልህ ነው የምትፈልገው?”

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ኮታቸውን ፈቱ፤ ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ማለት ቻልኩበት።

“ሥራውን ብትተዪስ ይህን የሚያይልኝ ማን ነው?” አሉ በመጨረሻ፤ የጠየቁት ልጃቸውን ይሁን ራሳቸውን አላወቅኩም።

“አሁን ገባህ። ሥራውን የያዝኩት ከአንተ ሸሽቼ አይደለም።”

እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሰኝና አንድ ነገር ልበል። ወረርሽኝ እንደ ደራሽ ጎርፍ ነው፤ ሁሉም ያየዋል፤ ሁሉም ይጮኽለታል፤ ሬዲዮውም የሚያወራው እሱን ነው። ነባሩ በሽታ ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ጎርፉን ለመገደብ ስንሮጥ ላብራቶሪውን ሁሉ ወደዚያ አዞርን፤ የአክታው፣ የስኳሩ፣ የእብጠቱ ምርመራ ይቆየን እየተባለ ወደ ኋላ ቀረ። በሽታው ግን ቆይልን ቢሉት አይቆይም። ይህን የተረዳችው ምሳዋን ትታ ማይክሮስኮፕ ላይ የምታጎነብስ ልጅ ስትሆን፣ እኔ በየምሽቱ ቁጥር እያነበብኩ አልተረዳሁትም።

ልጅቷ የአክታ መያዣውን ዕቃ በጥበቃው እጅ ላከችላቸው። አክታ የሚሰጥበት ቦታ ከአጥሩ ሥር፣ ነፋስ የሚያገኘው ሜዳ ላይ ነው፤ ከመስኮቷ ይታያል።

“አፍህን በውሃ ተጉመጥመጥ። አሁን በደንብ ተንፍስ፤ ደግመህ ተንፍስ። ከሥር፣ ከደረትህ ነው የምፈልገው።”

አባ ቀስታ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ ፊትሽን አዙሪ። ጆሮሽንም ድፈኚ።”

አዞርኩ። ጆሮዬን ግን አልደፈንኩም።

“እህህ” አሉ በጨዋ ደንብ።

“አባዬ! ይሄ ሰላምታ ነው እንጂ ሳል አይደለም!”

“ሰው ይሰማል!”

“ይስማ! ተሳፋሪ ሲያስቸግርህ እንዴት ነበር የምትጮኸው? እንደሱ!”

ሳሉ። ይህኛው ግን የጉሮሮ ነው ብላ መለሰችባቸው። ደግመው ሳሉ፤ በወዲያ በኩል ለወረርሽኙ ምርመራ የተሰለፈው ሰው ተንጫጫ፤ አንዱም “ያን ሽማግሌ አስወጡት!” አለ። አባ ቀስታ ሊያቆሙ ሲሉ ልጅቷ ከላይ ሆና ለሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ፣ “አባቴ ነው! እኔ ነኝ ሳል ያልኩት!” ብላ ጮኸች። ሰዉ ጸጥ አለ። ሽማግሌውም ከዚያ በኋላ ማንንም አላፈሩም። ከእግር ጥፍራቸው የመጣ የሚመስል ሳል ሳሉ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የዋጡትን አውጥተው ዕቃው ውስጥ ተፉት።

“እሱ ነው! ጎሽ አባዬ! ጎሽ!” አለች፤ አንድ እርምጃ ለሄደ ሕፃን እንደሚባለው። አጨበጨበች። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚወጣውንም ይዘው እንዲመጡ ስላዘዘቻቸው፣ በማግሥቱ በመኪናዬ ይዣቸው ሄድኩ፤ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ነው የሄድነው። ከሰጡ በኋላ አግዳሚው ላይ ቆየን። ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሳይሆን የታችኛው በር ተከፈተና ልጅቷ ራሷ ወጣች። ከወራት በኋላ አባትና ልጅ አንድ መሬት ላይ ቆሙ፤ በመካከላቸው መኪና የሚያሳልፍ ስፋት አለ። አባ ቀስታ ሳያስቡት ወደ ፊት ሊሄዱ ሲሉ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው።

“እዚያው ሁን አባዬ። ተገኝቷል። የሳንባ ነቀርሳ ነው።”

“አየሽው? በዓይንሽ?”

“በዓይኔ። ጀርሞቹ ቀይ ቀይ፣ ቀጫጭን ናቸው። ብዙ ናቸው። ይድናል ግን፤ መድኃኒት አለው። ስድስት ወር ሳታቋርጥ ትውጣለህ። ጥቂት ሳምንት በትክክል ከዋጥክ ለሰው ማስተላለፉ በጣም ይቀንሳል፤ ማላቡም ይተውሃል፤ ምግብም ይበላልሃል። አብሮህ የሚውል ሰው ካለም እንመረምረዋለን።”

የአባ ቀስታ ውጤት የላብራቶሪውን አለቃም አነቃቸው። ልጅቷ በምሳ ሰዓት ስታየው የቆየችው አክታ ውስጥ እንደ አባቷ ያሉ ሌሎችም መገኘታቸውን ሲሰሙ፣ የአክታዋ መስኮት በየሳምንቱ የተወሰኑ ጠዋቶች እንድትከፈት፣ አንድ ሠራተኛም ወረርሽኙ ቢበረታ እንኳ ከዚያ እንዳይነሳ አደረጉ። ሰዉም ሳሉን ይዞ መምጣት ጀመረ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የታወቀ በሽታ በቀላሉ ይድናል፤ አንድ ሰው ሲታከም ቤተሰቡ ይተርፋል፤ ላብራቶሪውም አንዱን በር ሲጠብቅ ሌላው አይሰበርበትም። ማሳል ነውር አይደለም፤ ክንድን አፍ ላይ አድርጎ ማሳል፣ ከዚያም ሄዶ መመርመር ነው ጨዋነት።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። ያን ቀን ከሰዓት አባትና ልጅ ገና ተራርቀው እንደቆሙ ነበሩ። መድኃኒቱን የያዘችው ነርስ አባ ቀስታ እጅ ላይ የመጀመሪያዎቹን ክኒኖች አስቀመጠችላቸው። ማስካቸውን ዝቅ አድርገው አንድ በአንድ ዋጧቸው፤ ለልጃቸው አፋቸውን ከፍተው ባዶ መሆኑን አሳዩ።

“ስድስት ወሩ ሲያልቅ ትመጫለሽ?” አሉ።

ልጅቷ ቶሎ አልመለሰችም። “ወረርሽኙ መቼ እንደሚያልፍ እኔ አላውቅም አባዬ። የማውቀው፣ የመጣሁ ዕለት አንተ እንደምትኖርልኝ ነው።”

አልፎ አልፎ ከውስጥ የሚጠራት ሰው ነበር፤ አሁንም ጠራት። አልሄደችም። አባቷን እያየች፣ ጓንት ያወለቀውን እጇን በሌላው እጇ እያሸች ቆመች። አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ተራመደችና ራሷን ገታች። እንሂድ ቢሏት የምትሄድ መሰለኝ፤ ያን ጊዜ እኔም የፈራሁት እሱን ነው። አባ ቀስታም ያወቁ ይመስለኛል፤ ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

“ግቢ በይ” አሏት። “ግቢ ልጄ፤ ሰው እየጠበቀሽ ነው።”